ለአብዮቱ የወለቀ ጫማ

ኑ እስቲ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። ግንቦት ነው፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ለአሮጊትም አታዝንም። እኔ ግንቦት በመጣ ቁጥር ጫማ ትዝ ይለኛል። ለምን አትሉኝም?

በደርግ ጊዜ እዚሁ አንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ነበርኩ። ፊደል ባልቆጥርም የሁሉም ክፍል ቁልፍ ወገቤ ላይ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ፎዚያ እዚያው አሥራ ሁለተኛ ትማራለች። ታዲያ ለቀትር ሶላት የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግራ መጋላ ሰፈር አክስቷ ቤት ትሮጣለች፤ ሰግዳ ስትመለስ በሩ ተዘግቷል። በአርፋጅነት ሁለቴ ተመዘገበች። ሦስተኛ ከደገመች መባረር ነው፤ ማትሪክ የለም! እናቷ እኔ ቤት መጥታ አለቀሰች። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን የልጅ ነገር አያስችልም።

የተሰባበሩ ዴስኮች የሚከመሩበትን መጋዘን ከፈትኩ። ወለሉን አጠብኩና ሰሌኔን ከቤት አምጥቼ፣ እንደኛው ጸሎት መስሎኝ ወደ ምሥራቅ አነጠፍኩት። ፎዚያ አይታ በሳቅ ሞተች። «እማማ ብርቄ፣ እንዲህማ ከሰገድን የሰገድነው ለጅጅጋ ነው!» ብላ ወደ መካ አዞረችው። በሳምንቱ ሌሎቹ ሙስሊም ተማሪዎችም ሰሙ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆኑ።

አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም። ጫማ! ኮንጎው፣ ሸበጡ በር ላይ ተደርድሮ ገበያ መስሏል። የትምህርት ቤቱ ካድሬ ጓድ መኩሪያ ከች አላለም?

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጫማ ነው ጓድ።»

«መሆኑንማ አያለሁ! ባለቤቶቹስ?»

«ውስጥ ናቸው... ይወያያሉ።»

«በባዶ እግር?»

«ለአብዮቱ ክብር ነው ጓድ።»

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ! በሩን ይከፍተዋል ብዬ ጀርባዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ከሕዝብ እንማራለን» ብሎ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ሄደ።

ሰኞ አዳራሹ ውስጥ የውይይት መድረክ ነበር። ጓድ መኩሪያ መምህራኑንም ሠራተኛውንም ጫማ አውልቁ አለ። በግንቦት! በድሬ! የሒሳብ አስተማሪው አውራ ጣት ከካልሲው ወጥቶ ሰላምታ ሰጠን። እሱንስ ቻልነው። ከዚያ ካድሬው ራሱ ከስክሱን አወለቀ። ፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ በሩ፣ የበሩ ወደ ውጪ! ኢምፔሪያሊዝም ላይ ሲደርስ የቀረነው እኔና ጉንፋን የያዘው ዳይሬክተር ነን።

በማግስቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጋዘኑ በር ላይ ተለጠፈ። ጫማ የሚወልቅበት ውይይት እዚህ ብቻ ይካሄድ፣ ሌላ ሰው ድርሽ እንዳይል ይላል አሉኝ። ፎዚያ ሦስተኛ ሳትመዘገብ ዓመቱ አለቀ።

ማትሪኳን አለፈች፤ ዛሬ ነርስ ናት፣ ስኳሬን የምትለካልኝ እሷ ናት። ዳይሬክተሩ ጡረታ ወጡ። ሰሌኔ እዚያው አልቆ ቀረ። ጓድ መኩሪያ መንግሥት ሲለወጥ ጫማ ቤት ከፈተ። ባለፈው ልገዛ ሄጄ፣ ልለካ ብዬ ጎንበስ ስል ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «ተይ እማማ ብርቄ፣ እባክሽ አታውልቂ! በዓይኔ እለካልሻለሁ።»