ኮልቢ ዘእምነገደ ፍልፈል እና አንዲቱ ጎሉ

በዓመተ ኮልቢ ስቴፋንዩክ ራብዓይ፣ ይኸውም የመጨረሻው በሆነው ዓመት፣ ወይዘሮ ኖሪን ክሊም በዳንሙር ሆኪ ክለብ የሊቀመንበርነት ወንበር ላይ በተቀመጡበት ዘመን፣ የአዳራሹ ጣራ በሰሜኑ ጎል በኩል ማፍሰስ ጀምሮ ጠጋኝ ባልተገኘለት ክረምት፣ በወርኃ መጋቢት፣ በካናዳ የሳስካችዋን ሜዳ ከላይ እየሟሟ ከታች እንደ ብረት ጸንቶ በቆየበት ሰሞን፣ በዕለተ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ይህ የምንነግራችሁ ነገር ሆነ።

በዚያ ዘመን የሰሜን ሜዳ የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ሊግ በአምስት ነገዶች ተከፍሎ ይኖር ነበር። በምዕራብ የሃሊክ ጎሾች ነበሩ፣ ዋንጫ በልተው የማይጠግቡ፤ በወንዙ ማዶ የፔልቲየር ተኩላዎች፣ አውቶቡሳቸው የሚሠራ ማሞቂያ ስላለው የሚታበዩ፤ ከእነርሱ ወዲህ የብሬምነር ነጎድጓዶች፣ ከመጫወት ይልቅ መደባደብ የሚቀናቸው፤ ቀጥሎም የሴንት ኦዲል አጋዘኖች፣ ሲያሸንፉ ትሑት ሲሸነፉ ግን ለዓመት የሚያኮርፉ፤ በመጨረሻም፣ እንደ ልማዳችን በመጨረሻ፣ የዳንሙር ፍልፈሎች፣ ማለትም እኛ። ፍልፈል የተባልነው ቡድኑን የመሠረቱት አባቶቻችን ስም ሊያወጡ ሲቀመጡ የሚያስፈሩት አውሬዎች ሁሉ በሌሎች ተይዘው ስለ ቆዩዋቸው ነው።

በእነዚህ ፍልፈሎች መካከል ኮልቢ የተባሉ ተከላካይ ነበሩ፤ ቁመታቸው እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ፣ ትከሻቸው እንደ ጎተራ በር የሰፋ፣ ፍጥነታቸውም እንደ ጎተራው ራሱ። ፓክ የምትባለዋን ጥቁር የጎማ ቁራጭ በጉልበታቸው፣ በጎናቸው፣ አንድ ጊዜም በአገጫቸው እየመለሱ ያዳኗቸው ኳሶች፣ ኳስ ማለት ከተቻለ፣ ቁጥር የላቸውም። ያገቡት ጎል ግን ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም ዜሮ ነው።

የሊጉ ሕግ ሃያ ዓመት የሞላው ሁሉ ዱላውን ሰቅሎ ይሂድ ስለሚል፣ ያች ቅዳሜ የዘመናቸው ፍጻሜ ነበረች። በእርሳቸው ቦታ ማን እንደሚተካ ሲጠየቁ፣ «አንድ ቁም ሣጥን ቢያቆሙበት ይበቃል፤ ቁም ሣጥኑ እንዲያውም አይወድቅም» ይሉ ነበር። በራሳቸው ላይ መሳቅ ከማንም በፊት የጀመሩት እርሳቸው ናቸውና ሌላው ሰው ሲደርስ ሳቁ ሁልጊዜ አልቆ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ከቀልዱ ሥር አንድ ምኞት ነበረ፤ መረቡ በእርሳቸው ምት አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ እናታቸው እንዲያዩ።

እናታቸው ወይዘሮ ማርላ በአዳራሹ ካንቲን ድንች ይጠብሱ ነበር። ልጃቸው ወደ በረዶው በወጣ ቁጥር ሽርጥ እንደ ታጠቁ በመስኮቱ ብቅ ይላሉ፤ ሲወድቅ ያዩታል፤ ሲነሣም ያዩና ወደ ጥብሳቸው ይመለሳሉ፤ የጋለ ዘይት ሰው አይጠብቅምና።

ወእምድኅረ ዝንቱ ሠራዊቱ ከጎሾች ጋር ለመግጠም በመልበሻ ክፍሉ ተሰበሰበ። አሰልጣኙ ጌሪ ቲሰንም ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙ ልጆች። እንደማናሸንፍ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ባለቤቴማ አውቃ ቤቷ ቀርታለች። ስለዚህ ዛሬ የምንጫወተው ለሌላ ነገር ነው። ፓክ ያገኘ ሁሉ ለኮልቢ ይስጥ። ያለኝ ይኸው ነው።»

«አሰልጣኝ፣ በኔ ምክንያት ጨዋታው ይበላሻል» አሉ ኮልቢ።

አምበሉ ማርሴል ጋርዲፒ የጫማውን ክር እየጎተተ ቀና አለ። «ምኑ ነው የሚበላሸው?»

«ቢያንስ በክብር እንሸነፍ።»

«ክብሩን አምና ሃሊክ ረስተነው መጥተናል። ዝም ብለህ ጫማህን እሰር።»

ሠራዊቱም ወጣ። በመቀመጫው ላይ የስንዴ ገበሬዎች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ነጂ ከነሚስታቸው፣ የቀብር አስፈጻሚው በጥቁር ካፖርታቸው፣ የቀድሞው ጥርስ ሐኪምም፣ ሆኪ ዕድሜ ልካቸውን ደንበኛ ስላላሳጣቸው በምስጋና የማይቀሩት፣ በየማዕረጋቸው ተቀምጠው ነበር። ኮልቢም ራስ ቁራቸውን ደፍተው፣ ዱላቸውን ጨብጠው፣ በግርማ ወደ በረዶው ሲወርዱ የበሩ ምንጣፍ ጫፍ የጫማቸውን ስለት ያዘውና በሕዝቡ ሁሉ ፊት በደረታቸው ተዘረጉ። በደረቱ ለተዘረጋ ሰው አንቱታ ስለሚከብደው ጸሐፊው ከዚህ ወዲያ «እርሱ» እያለ ይቀጥላል፤ ባለታሪኩም ተጠይቆ «እስካሁንስ መቼ አስፈለገ» ብሏል።

የጎሾቹን ጎል የሚጠብቀው ትሬንት ዋስሊን የሚባል በረኛ ነበር፤ ለኮልቢ የእናቱ እኅት ልጅ። ሁለቱ እሑድ እሑድ ምሳ የሚበሉት በአንድ ማዕድ ነው፤ በዚያም ማዕድ ላይ ትሬንት የአክስቱን ልጅ ዜሮ ሳያነሣ ድንች አንሥቶ አያውቅም። አሁንም ከሩቅ ተጣራ።

«ኮልቢ፣ ቀረብ በል እንጂ ወንድሜ። አልነክስህም።»

«እየመጣሁ ነው። ቦታው ራቀብኝ።»

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ጎሾቹ ሦስት አግብተው ነበር፤ እኛ ምንም። ሁለተኛው ሲያልቅ ስድስት ደረሱ፤ እኛም አቋማችንን ጠብቀን ምንም። ፍልፈሎቹ ግን ትእዛዙን አክብረው ፓኳን ባገኙ ቁጥር ለኮልቢ ሰጡት፤ እርሱም በተሰጠው ቁጥር መታ። አንዷ ምት መስታወቱን አንቀጠቀጠች፤ አንዷ የዳኛውን ቁርጭምጭሚት አገኘች፤ አንዷም ከሁሉ ጠንክራ የራሱን አምበል መቀመጫ መታች። ማርሴል መቀመጫውን ይዞ እያነከሰ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ለይተህ ንገረኝ» አለ ትሬንት ከጎሉ ውስጥ፤ «የምታጠቃው እኔን ነው ወይስ ሕዝቡን? ሕዝቡን ከሆነ ቀድሞ ይዘጋጅ።»

«መጀመሪያ በዙሪያህ ያለውን እያጸዳሁ ነው» አለ ኮልቢ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ኮልቢ አንድ ጎሽ እንደ ጠፋ ዘመድ አቅፎ ስለ ያዘ ዳኛው ወደ ቅጣት ሣጥኑ ላከው። በዚያም ተቀምጦ፣ የቀረው ጊዜ ሲያጥር በሰሌዳው ላይ እያየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣለትም። ጫማውን ተመለከተ። ከዛሬ በኋላ ይህን ጫማ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር። ቅጣቱ አልቆ የሣጥኑ በር ሲከፈት ግን፣ ማርሴል ከወዲያ ያስወነጨፋት ፓክ መጥታ እግሩ ሥር ቆመች፤ ከፊቱም ከትሬንት በቀር ማንም አልነበረም።

ሮጠ። ሮጠ ማለታችን ለታሪክ ክብር ነው። አንድ ፈጣን ጎሽ ከኋላ ደርሶ ዱላውን በቁርጭምጭሚቱ መካከል ሲሰድበት እንደ ተቆረጠ ዛፍ ተገነደሰ፤ ዳኛውም ፊሽካውን ነፍቶ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። ፍጹም ቅጣት ምት። አንድ መቺ፣ አንድ በረኛ፣ ሌላው ሁሉ ዳር ይቁም።

ወይዘሮ ማርላ ከካንቲኑ ወጥተው፣ የድንች መቆንጠጫቸውን እንደ ያዙ፣ እስከ መስታወቱ ድረስ መጡ። ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት እጃቸውን ያዘቻቸው። ወዲያው ከኋላ የቀብር አስፈጻሚው ድምፅ መጣ።

«ማርላ፣ ካንቲኑ እየጨሰ ነው።»

ዘወር ቢሉ ጥቁር ጢስ በመስኮቱ እየወጣ ነው። ልጃቸውን አዩ፤ ጢሱን አዩ። «መጣሁ፣ መጣሁ፤ አሁን እንዳትጀምሩ» ብለው ሮጡ። ዳኛው ግን አልሰማም።

ማርሴል በመሐል ሜዳ ወደ ኮልቢ ተጠግቶ፣ «ምን ልታደርግ ነው?» አለው።

«በግራ አታልዬው በቀኝ ከፍ አደርጋታለሁ።»

«ኮልቢ።»

«እ?»

«ዝም ብለህ ምታት።»

ፊሽካው ተነፋ። ኮልቢም ፓኳን እየገፋ ሄደ፤ በግራ ለማታለል ሰውነቱን ሲያዘነብል ሰውነቱ እውነት መስሎት በዚያው ቀረና በሆዱ ተዘርግቶ መንሸራተት ጀመረ። ዱላው ወደ አንድ ወገን፣ ጓንቱ ወደ ሌላ ወገን ሄዱ። ፓኳ ግን ባለቤቷ መውደቁን ሳትሰማ፣ ቀስ እያለች ጉዞዋን ቀጠለች። ትሬንት ሳቁ አመለጠው። እየሳቀም ዱላውን በረዶው ላይ ጋደም አድርጎ ጠበቃት፤ እርሷም ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ የሠራትን ጉብታ ስትነካ እንጣጥ ብላ ዱላውን ዘለለች፣ በሁለት እግሮቹ መካከል አለፈች፣ መስመሩንም ተሻግራ መረቡን ነካ አድርጋ ቆመች።

መጀመሪያ ማንም አላመነም። ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ፤ ገበሬው ብርድ ልብሱን ወረወረ፤ የጥርስ ሐኪሙ አውቶቡስ ነጂውን ሳሙ፤ ጎሾቹም ሳይቀሩ ዱላቸውን ከግንቡ ጋር ያጋጩ ጀመር። ኮልቢ ገና በሆዱ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለ ከወደቀበት።

«ገባች» አለ ትሬንት።

«የት?»

«የት ትገባለች፣ ከኋላዬ ነዋ። ተነሥና እያት፤ እኔ ማየት አልፈልግም።»

ተነሥቶ መጀመሪያ የዞረው ወደ ጎሉ አልነበረም፤ ወደ ካንቲኑ መስኮት ነበር። መስኮቱ ጢስ ብቻ ነበር። ጓደኞቹ መጥተው ከበቡት፣ ራስ ቁሩን መቱት፣ አንገቱን አነቁት፤ እርሱም ሳቀ፤ ዐይኑ ግን ከመስኮቱ አልተነሣም።

ጨዋታው ስምንት ለአንድ ተፈጸመ። ሁለቱ ሠራዊቶች ተሰልፈው ሲጨባበጡ ወይዘሮ ማርላ ፊታቸው ቀልቶ፣ ክንዳቸው ጥላሸት ነክቶት መጡ።

«ጩኸት ሰማሁ። ማን ነው ያገባው?»

ሁሉም ወደ ኮልቢ ዞሩ።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ተው አትቀልድብኝ።»

«እውነቱን ነው እትዬ ማርላ» አለ ማርሴል በቀስታ።

ወይዘሮ ማርላ መቆንጠጫውን በጭናቸው ላይ አኑረው በቅርባቸው ባለው ወንበር ተቀመጡ። «አራት ዓመት ሙሉ በዚያ መስኮት አንገቴን ሳሰግግ» አሉ። «አንድ ጊዜ ዘወር ብል።»

ትሬንት ጭምብሉን አውልቆ መጣ። «አክስቴ፣ አትዘኚ። ይደገማል» አላቸው፤ ይህንንም ብሎ ወደ ሊቀመንበሯ ሄደ። ወይዘሮ ኖሪንም የድምፅ ማጉያውን አንሥተው በሁለቱ ከተሞች ሕዝብ ላይ አዋጅ ነገሩ፦

«የዳንሙርና የሃሊክ ሰዎች ስሙ። መኪና ያስነሣችሁ አጥፉ፣ የወጣችሁ ተመለሱ። ማርላ ስላላየች ጎሉ ይደገማል። ውጤት ላይ አይቆጠርም፤ እስከ ዛሬ የተቆጠረውስ ምን ጠቀመን።»

ዳኛው አንድ ጫማውን አውልቆ ነበር። «እትዬ ኖሪን፣ ይሄ እኮ በሕጉ የለም» አላቸው።

«በሕጉ ማርላም የለችም። ፊሽካህን ንፋ።»

ሰውም ከመኪና ማቆሚያው እየተመለሰ ቦታውን ያዘ። ዳኛው በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። ትሬንት ወደ ጎሉ ገባ፤ ወዲያውም ወገቡን ይዞ አቃሰተና ወጥቶ ከመስታወቱ ጋር ተደገፈ።

«ግባ ባክህ» አለ ኮልቢ። «እንዲህማ አልፈልግም።»

«ለአንተ መሰለህ? ለአክስቴ ነው። ቶሎ በል፣ ርቦኛል።»

ጎሉ ባዶ ሆነ። ኮልቢም ፓኳን ይዞ ተነሣ፤ ጉልበቱን አጥፎ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ እያኖረ ሄደ። አልወደቀም። ያች ጉብታ ያለችበትንም ዞሮ አለፋት፤ አልወደቀም። ከጎሉ ፊት ደረሰ፣ ዱላውን አነሣ፣ በሙሉ ኃይሉም መታ። ፓኳ የጎሉን ቋሚ ብረት መታች፤ ድምፁ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ፤ እርሷም ተመልሳ ከጫማው አጠገብ ተኛች።

ዳኛው ፊሽካውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ባዶ ጎል እኮ ነው» አለ ትሬንት።

ኮልቢ ራስ ቁሩን አውልቆ እናቱ ወዳሉበት መስታወት ቀረበ። «እማዬ፣ የመጀመሪያዋ ገብታ ነበር። ሕዝቡን ጠይቂ።»

«ምን ልጠይቅ፤ አምኜሃለሁ። እንዴት ነበር የገባችው?»

«ወድቄ።»

«እንግዲያማ» አሉ ወይዘሮ ማርላ፤ «ስትወድቅ አራት ዓመት አይቼሃለሁ፤ ያንን ባላየው ብዙም አልቀረብኝ። ዛሬ ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ ቆመህ ስትመጣ ግን ያየሁት እኔ ነኝ።»

ኮልቢ ግንባሩን በመስታወቱ ላይ አስደገፈ፣ ትከሻውም ተንቀጠቀጠ፤ እርሳቸውም በወዲያኛው ወገን ጥላሸት የነካውን መዳፋቸውን በግንባሩ ትክክል አኖሩ፣ እስኪበቃውም ድረስ አላነሡትም። ከዚያ በኋላ ያረረው ድንች ወጣ፤ ጎሽና ፍልፈልም በአንድ ትሪ ዙሪያ ቆመው ያረረውን እየፋቁ በሉ።

እነሆ ይህ ኮልቢ ነው፣ ወልደ ማርላ፣ ዘእምነገደ ፍልፈል፣ በረኛን በሆዱ ድል የነሣ፣ ባዶውን ጎል በምሕረቱ ያለፈ፣ ብረቱን ያስጮኸ፣ ከአምስት ነገዶች አምስተኛ በሆነው ነገድ ውስጥ ተወዳዳሪ የሌለው። ከእርሱ በፊት ብዙ ያገቡ ነበሩ፣ ከእርሱም በኋላ ይነሣሉ፤ ነገር ግን ወዳጅም ጠላትም መኪናውን አጥፍቶ የተመለሰለት ተከላካይ በሜዳው ሁሉ አልተሰማም። ምስጋናም ይገባዋል፤ ምስጋናውንም እኛ፣ ስምንት ለአንድ የተሸነፍነው፣ ራሳችንን ቀና አድርገን እናቀርባለን።