የጋሽ ሸምሱ የጓሮ አጎበር

ጆሃንስበርግ ውስጥ እንደ ሽበት ብርቅ ነገር የለም። መብራት ይጠፋል፣ ግን ይመጣል። ውሃም እንደዚያው። ሽማግሌ ግን ከየት ይመጣል? ሁላችንም ወደዚህ አገር የገባነው በጎረምሳነታችን ነው፤ አባቶቻችንን አገር ቤት ስንተው ሽበቱንም አብረን ትተነዋል። ዓመታት ያልፉና እዚህ የተወለዱትና ያደጉት ልጆች ለአቅመ ትዳር ይደርሳሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ነገሩም «ሽማግሌ ይላክ» ወደሚባልበት ደረጃ ይደርሳል። ያን ጊዜ የሰፈራችን የዱርንፎንቴን ነጋዴ በሙሉ ፀጉሩ ይመረመራል።

እኔ የተያዝኩት በዚህ ምርመራ ነው። ከጆሮዬ በላይ ነጣ ያለ ነገር አለ፤ በየጊዜው ቀለም እየቀባሁ እንዳላየ አልፈው ነበር። የእህቴ ልጅ ሙባረክ ሊያገባ ሲነሳ እህቴ ሱቄ መጣች። ብርድ ልብሱን እንደሚገዛ ሰው ስትዳብስ ቆይታ፣ በመጨረሻ፣ እባክህ ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ ቀለሙን ተወው አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እጣላው ነበር። ለእህት ልጅ ግን ምን ይደረጋል? አረጀሁለት።

ሁለተኛው ሽማግሌ ታደለ ነው። ታደለ አንዲት ሽበት የለችውም፤ መላጣ ነው። የሸበተ ሲጠፋ የተመለጠም ይበቃል ብለን ወሰድነው። እውነተኛው ሽማግሌ ሦስተኛው፣ ሀጂ ኑሪ ናቸው። የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው፣ የተዋደደ ሁሉ የሚጋባው በሳቸው ስለሆነ፣ እሑድ ቀን ሀጂን ማግኘት የመኖሪያ ወረቀት ከማግኘት አይተናነስም።

የተላክነው ቤዝ ቫሊ ሰፈር ከሚኖረው ከጋሽ ሸምሱ ዘንድ ነው፤ ልጁን ነኢማን ለሙባረክ እንድንጠይቅ። ጋሽ ሸምሱ በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፤ ጋሽ የሚያሰኘው ግርማው ነው። ከከተማው ዳር፣ ዲፕስሉት በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ ሱቅ አለው፤ ስፓዛ ማለት እንግዲህ በሽቦ ታጥረን ዳቦና ሳሙና የምንሸጥባት መስኮት ናት። አንድ ቀን ሌባ ሽጉጥ ደቅኖበት፣ ጋሽ ሸምሱ ምንም ሳይደናገጥ፣ በአገሬው ሰላምታ ሳውቦና፣ ምን ልታዘዝ አለው ይባላል። ሌባው አፍሮ ሲጋራ ገዝቶ ሄደ ይባላል። «ይባላል» ነው እንግዲህ፤ እኔ አልነበርኩም። ግን በከተማው ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

የኛ ልጅ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ሙባረክ ቶኮዛ በሚባል ሰፈር ሱቅ ሲጠብቅ ዘራፊዎች በፊት በር ሲገቡ እሱ በጓሮ በር ወጣ። አጥር ዘለለ። አንድ እግር ጫማውን ትቶ ሮጠ። በበኩሌ ነውሩ አይታየኝም፤ ከሞተ ጀግና በባዶ እግሩ የሚሮጥ የእህት ልጅ ይሻለኛል። ጋሽ ሸምሱ ግን ልጁ ፈሪ ነው፣ ልጄን ለፈሪ አልሰጥም እያለ መሆኑን በሰው በሰው ሰማን። ፊት ለፊትማ እንዲህ አይባልም። በመጀመሪያው እሑድ ዘመድ ላማክር ብሎ መለሰን። በሁለተኛው፣ አገር ቤት ላለው ወንድሜ ደውዬ ላማክር አለን። ሁለት ጊዜ መመለስ ወግ ነው፤ ሴት ልጅ እንደ ለስላሳ መጠጥ በጠየቁ ቁጥር ከፍሪጅ አትወጣም። ሦስተኛው ግን የመጨረሻ ነው። በሦስተኛው እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ ሙባረክና ነኢማም ያለ አባት ምርቃት አንጋባም ብለዋልና ነገሩ እዚያው ያበቃል። እህቴ ሦስተኛው ቀጠሮ እስኪደርስ እህል አልበላም ስትል ነበር። በርግጥ ትበላ ነበር፤ ግን እያዘነች ነው የምትበላው።

በጋሽ ሸምሱ ቤት እንግዳ የሚቀመጠው ጓሮ ነው። ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሳሎኑን የሱቅ ዕቃ ወርሶታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች ከዛፍ ሥር በፕላስቲክ ወንበር አስተናግዶን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ የሚፈላው አሸን ሻያችን ውስጥ ሲዋኝ አምሽቷል። በሦስተኛው እሑድ ግን ስንገባ ጓሮው ተለውጧል። መሃሉ ላይ ዙሪያውን ስስ መረብ የሆነ፣ ጣሪያው አረንጓዴ፣ አንድ ክፍል የሚያክል ድንኳን ተተክሏል።

ጋሽ ሸምሱ ከሰላምታው በፊት ድንኳኑን አስተዋወቀን። ስትታጠፍ ሰፌድ ታክላለች፣ ማሰሪያዋን ስትፈታው ተፈናጥራ ራሷን በራሷ ትተክላለች፣ መኪና ላይ ጭነህ የፈለግህበት ትወስዳታለህ አለን። ዋናው ደግሞ ትንኝም ሆነ ንብ፣ አሸንም ሆነ ምንም የሚባል ተባይ አታስገባም። እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፕሮንም ቢሆን አለ።

ፕሮንን የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። ፕሮን የዚህ ከተማ የጓሮ ፌንጣ ነው፤ ፌንጣ ስል ግን ልጅ ሆነን የምናባርራትን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የአውራ ጣት ውፍረት፣ የዝገት ቀለም፣ ከሰውነቱ የሚረዝም ፂም አለው። ሲባረር ወደሚያባርረው ሰው ይዘላል፤ ሲናደድ ደግሞ ከኋላው ጥቁር የሚከረፋ ነገር ይለቃል። አይናከስም ይላሉ የሚያውቁት። መናከስ ምን ያደርግለታል? የኔ ቤት ሲገባ ምን እንደማደርግ አትጠይቁኝ። ልጄ ሀያት አለችልኝ።

እኔ ድንኳኑን ሳይ ደስ አለኝ። ሰውየው ለኛ ክብር ብሎ ይህን ካደረገ እሺ ሊለን ነው ብዬ በሆዴ አሰብኩ። ገባን። ጋሽ ሸምሱ ዚፑን ዝጉ፣ ዚፑን ዝጉ እያለ አጣደፈን፤ የመጨረሻው ታደለ ስለነበር ጎትቶ ዘጋው። ጋሽ ሸምሱ የድንኳኑን ግርጌ ዙሪያውን በጡብ አስጭኖታል። እንኳን ነፍሳት ነፍስም የምትገባ አይመስልም። አንድ ነገር ብቻ ረስቷል፦ ድንኳኑ ወለል የለውም፤ የተተከለው ሣሩ ላይ ነው። ሣሩ ውስጥ ደግሞ ከድንኳኑ በፊት የነበረ ባለርስት አለ።

በወጉ መሠረት ተቀመጡ ሲለን አልተቀመጥንም። የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለን አንገታችንን ደፍተን ቆምን። ታደለ ረጅም ስለሆነ አንገቱን የደፋው ለአክብሮት ይሁን ለጣሪያው አልታወቀም። ሀጂ ጥያቄያችንን በሚያምር ቋንቋ አቀረቡ። ጋሽ ሸምሱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እናንተን ማክበሬን ታውቃላችሁ፣ ግን ብሎ ጀመረ።

ከ«ግን» በኋላ ደግ ነገር መጥቶ አያውቅም።

ወንድ ልጅ ማለት ብሎ ቀጠለ። ወንድ ልጅ ማለት አደጋ ሲመጣ ሚስቱን ከኋላው አድርጎ የሚቆም ነው። ይሄ ዛሬ እኔና እናንተ ያወጣነው ሕግ አይደለም። አንድ ጊዜ ዲፕስሉት ብሎ ወደ ሌባው ታሪክ ሲዞር እኔ አንገቴን እንደደፋሁ ነኝ፤ አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ መሬቱን ያያል። ከጋሽ ሸምሱ ጫማ አጠገብ አንድ ትልቅ ፕሮን ተቀምጦ ፂሙን ያወዛውዛል። ታሪኩን የሚያዳምጥ ይመስላል።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የልጅቱ አባት ሲናገር አቋርጬ ከእግርህ ሥር ተባይ አለ ብለው ንቀት ነው፤ ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ሰበብ መስጠት ነው። ዝም ብል ደግሞ ያ ነገር ወደ እኔ መምጣቱ ነው። ታደለን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ታደለ አየው። ምንም ሳይናገር፣ የሽማግሌነት ርጋታውን እንደያዘ፣ በአንድ እጁ ወደ ኋላው ዚፑን መፈለግ ጀመረ። አገኘው፤ ሳበው፤ ዚፑ መረቡን ነክሶ ቀጥ አለ። ተባይ እንዳታስገባ የተሠራች ድንኳን ሽማግሌም አላስወጣ አለች።

ጋሽ ሸምሱ ይህን ሁሉ አላየም። ፈሪ ሰው ብሎ ጣቱን አነሳ፤ ፈሪ ሰው ቤት አይጠብቅም፣ ስለዚህ መልሴ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ፕሮኑ ሱሪው ላይ ወጣ።

ሰው ሲደነግጥ እናቱን ይጠራል፤ ወይም ፈጣሪውን ይጠራል። ጋሽ ሸምሱ የጠራው ልጁን ነው። «ነኢማ!» ሲል ጎረቤት ያሉ ውሾች ሁሉ ጮኹ። መቼ ወንበር ላይ እንደወጣ አላየሁም፤ ሳየው ወንበር ላይ ነው። ጭንቅላቱ ጣሪያውን ገፍቶ ድንኳኑን ሽቅብ አነሳው፤ በአንድ በኩል ጡቦቹ ተገለበጡ። ፕሮኑ አልወረደም። ሀጂ ኑሪ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ደግሞ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ከሀጂ ኋላ ነበርኩ።

በዚህ መሃል ሁለት ሰው ሲሮጥ መጣ። አንዷ ነኢማ ናት። በወጉ ሽማግሌ ባለበት ብቅ ማለት የለባትም፤ ግን መጣች። የመጣችው ባዶ የአይስክሬም ዕቃና ቁራጭ ካርቶን ይዛ ነው። ልብ በሉ፤ ማንም ምን እንደተፈጠረ አልነገራትም። አባቷ ስሟን የጠራበት ድምፅ ብቻ በቂዋ ነው። የድንኳኑን ግርጌ እንደ መጋረጃ ገልጣ ገባች፣ በዚህ አገር ልጆች አነጋገር «ሀይቦ አባዬ፣ ሪላክስ፣ እግርህን አንሳ» አለች። ጋሽ ሸምሱ፣ ያ ሌባ ያሳፈረ ሰውዬ፣ ጫማ እንደሚያጠልቁለት ሕፃን እግሩን አነሳ። ዕቃውን ከላይ ደፋች፣ ካርቶኑን ከሥር አሾለከች፣ አለቀ። ይህ የአንድ ቀን ልምድ አይደለም። ይህች ልጅ እናቷ ከሞተች ጀምሮ በየዝናቡ ስትሠራው የኖረችው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሙባረክ ነው። መኪና ውስጥ ሆኖ እየጠበቀን ነበር፤ ጩኸቱን ሲሰማ ዘራፊ ገባ ብሎ የጎማ መፍቻ ብረቱን ይዞ ነኢማ፣ ነኢማ እያለ ደረሰ። ብረቱን እንዳነሳ ዘራፊው የታል አለ። ነኢማ ዕቃውን አሳየችው። ሙባረክ አየ፤ ብረቱን ጣለ፤ ዞሮ ከነኢማ ኋላ ቆመ።

ጋሽ ሸምሱ ወንበሩ ላይ፣ የኛ ልጅ ከሴቲቱ ኋላ፣ እኔ ከሀጂ ኋላ። ሀጂ ኑሪ ዓይናቸውን ገልጠው ሁላችንንም በየተራ አዩንና፣ እሺ ሸምሱ፣ ስለ ፈሪ የጀመርክልንን ጨርስልን እንጂ አሉት።

ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ ሊቆጣ ፈለገ። ከዚያ ሙባረክን አየው፤ የልጁ ዓይን አሁንም ከአይስክሬም ዕቃው ላይ አልተነቀለም። ጋሽ ሸምሱ መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ወንበሩ ተንገዳገደ፤ ሙባረክና ነኢማ በግራና በቀኝ ይዘው አወረዱት። እንደያዙት፣ እጃቸውን ሳያስለቅቅ፣ በሉ ተቀመጡ፣ ሰጥቻችኋለሁ አለን። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ከሳቅ ነው አለ። እኛም ከሳቅ ነው አልን። ተቀመጥን፣ በላን፣ ሀጂ መረቁ። ድንኳኑን ልናጥፍለት ብንታገል ግን ራሷን በራሷ የተከለችው ድንኳን ራሷን በራሷ አልታጠፍ ብላ፣ እንዳለች ትተናት ወጣን።

መኪና ውስጥ እኔ ወሬዬን ጀመርኩ። ያ ፕሮን ባይኖር ዛሬም ቆመን መመለሳችን ነበር፣ ሠርጉ ላይ አንድ ወንበር ለፕሮኑ ይያዝለት አልኩ። ታደለ ሳቀ። ሀጂ አልሳቁም። አንተ፣ ያቺን ድንኳን በመጀመሪያው እሑድ አይተሃታል ወይ አሉኝ። አላየሁም። በሁለተኛውስ? በሁለተኛውም አልነበረችም። ሰውየው ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ጓሮ ሲኖር ለምን አልገዛትም? አሁን ምን ነክቶት ገዛት? አሉኝ።



ነኢማ እያለችለት አጎበር ምን ያደርግለታል አሉ ሀጂ። ልጁን የሰጠን ዛሬ አይደለም፤ ድንኳኗን የገዛ ዕለት ነው። እሺ ማለቱን አፉ ሳይለምደው ቀረ እንጂ።

መሪውን የያዘው ሙባረክ ፍጥነቱን ቀነሰ። እኔን ቤቴ በር ላይ አወረዱኝና ሄዱ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጄ ሀያት ናት። ስልኳን እያየች ለብቻዋ ትስቃለች። አባዬ እንዴት ሆነ፣ ሰጡ አለችኝ፤ ሰጡ አልኳት። ደስ አላት። ከሚገባው በላይ ደስ አላት። ማን ነው የጻፈልሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ወደ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ለጋሽ ሸምሱ ደወልኩ፤ ድንኳኗን ከየትኛው ሱቅ እንደገዛት ጠየቅሁት።