ድንቹን ብቻ

ይመር፦ ባሕር ነው አልኩህ፣ ባሕር ነው!

ተሻገር፦ ጨው የለውማ፣ ጋሽ ይመር። ቀመስኩት እኮ።

ይመር፦ ባሕር ይቀመሳል? ወጥ ነው እንዴ? ማዶው የማይታይ ውኃ ሁሉ ባሕር ነው። አለቀ!

ተሻገር፦ መግቢያው ላይ ግን «ሌክ» ብለው ጽፈዋል።

ይመር፦ ፈረንጅ ስለ ባሕር ምን ያውቃል!

[ሁለቱ የሚጨቃጨቁት ከቶሮንቶ ሁለት ሰዓት በሚያስነዳ አንድ የሐይቅ ዳር አኳሪየም፣ የዓሣ ማሳያ ቤት፣ በር ላይ ነው። ጊዜው በፈረንጅ ዘጠና ስምንት፣ የኦገስት መጀመሪያ፣ ረጅሙ ዊክኤንድ፣ ሰኞ። ይመር በቶርንክሊፍ ፓርክ ፎቆች ውስጥ ያልፈተፈተው ጉዳይ የለም። የኢሚግሬሽን ነገር ለእሱ፣ የመኪና ሞተር ለእሱ፤ የጾምና የበዓል ነገርማ ከተነሣ ከእሱ በላይ ላሣር ነው። በመጪው እሑድ የሰበካ ጉባኤው ምርጫ ስላለ፣ ሊቀ መንበርነቱን እንቅልፍ አጥቶ እየጠበቀ ነው።

ተሻገር ሬክስዴል ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ቀስ ብሎ የሚያስብ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የይመርን እህት አጸደን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ፣ ሁለቴም «ለባዳ አንሰጥም» ተብሎ ተመልሶበታል። አጸደ ደግሞ ስፖንሰር አድርጎ ያመጣት፣ ባባት ፈንታ የቆመላት ወንድሟ እሺ ሳይል አላገባም ብላለች። ተሻገር ዛሬ የተጋበዘው ቫን ስላለው ብቻ ነው። የይመር ሚስት ፍቅርአዲስ፣ አጸደና ልጆቹ የባሕር አንበሳ ትርኢት ሊያዩ ገቡ፤ ሁለቱ ወንዶች ውስጥ ከገንዳዎቹ መሃል ቦርሳ እየጠበቁ ዓሣ ያያሉ። ይመር ከቅዳሜ ጀምሮ ፍልሰታን እየጾመ ነው፤ ቁርስም አልቀመሰ።]

ተሻገር፦ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ብንመጣ ጥሩ ነበር። መድኃኔዓለም ነው እኮ ዛሬ።

ይመር፦ ታቦት ለእኔ አይነገረኝም። ስንመለስ እንስማለን። መድኃኔዓለም የፎር ኦ ዋን መንገድን ትራፊክ ያውቃል።

ተሻገር፦ እሺ። ይሄኛው ምንድን ነው?

ይመር፦ [ጽሑፉን ዞሮም ሳያይ] ዓሣ ነባሪ።

ተሻገር፦ አውራ ጣቴን ነው የሚያክለው።

ይመር፦ ግልገል ነዋ! ገና ሲወለድ መርከብ ይሁንልህ?

ተሻገር፦ ይሄስ፣ እግሩ የበዛው?

ይመር፦ ኦክቶፐስ። ሰባት እግር አለው።

ተሻገር፦ እኔ ስምንት ቆጠርኩ።

ይመር፦ አንዱ እጁ ነው።

ተሻገር፦ [ለረጅም ጊዜ አስቦ] የጾም ነው የፍስክ?

ይመር፦ ነፍስ ያለው ሁሉ ፍስክ ነው! ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ፤ ሆዳሞች ናቸው። ባለፈው ዓመት ተሻለች በፍልሰታ ቱና ስትበላ ሳገኛት ምን እንዳልኩ ረሳኸው?

ተሻገር፦ እንዴት እረሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በማይክ ነው የተናገርከው።

ይመር፦ ስሟን አልጠራሁም!

ተሻገር፦ «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ሹራብ የለበሰችው» ነው ያልከው።

ይመር፦ ሹራብ ስም ነው? ሰው ካልተገሠጸ አይጾምም፣ ወንድሜ። ቅዳሜ ጠዋት አገር ምድሩን ኮል አድርጌ «ጾም ገብቷል» ባልል ኖሮ ማን ያስታውስ ነበር?

ተሻገር፦ ቄሱ እንኳ ምንም አላሉም ነበር።

ይመር፦ ቄሱ ይዘገያሉ።

[አንድ ነገር በረጅሙ አጉረመረመ።]

ተሻገር፦ ሆድህ ነው፣ ጋሽ ይመር፣ ወይስ የባሕር አንበሳው?

ይመር፦ አንበሳው ነው። [ከጥግ ካለው ትንሽ ካፌ የጥብስ ሽታ መጣ። ይመር አፍንጫውን ወደዚያ እንዳያዞር ታገለ፤ አፍንጫው ግን በራሱ ዞረ።] እስቲ… ለእግር ማፍታቻ ያህል ሂድና የጾም ነገር ካላቸው እይ።

ተሻገር፦ [ሄዶ ተመልሶ] ሰላጣ አላቸው።

ይመር፦ ቅጠል? በግ ነኝ እኔ?

ተሻገር፦ ድንች ጥብስም አለ።

ይመር፦ በቃ! ድንችን የሚከለክል ቀኖና የለም።

ተሻገር፦ ለብቻው ግን አይሸጡም። ከዓሣ ጋር ነው፣ አንድ ላይ።

[የይመር ምግብ ከቅዳሜ ጀምሮ ሽሮ ነው፤ ጠዋት ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። ጠላቱን ሽሮ ይብላው!]

ይመር፦ አምጣው። ድንቹን ብቻ ነው የምበላው።

ተሻገር፦ ዓሣውስ?

ይመር፦ ጎን ይቀመጣል። ጎን መቀመጥ ኃጢአት ነው? እዚህ ቤት በአራቱም ጎናችን ያለው ዓሣ አይደል?

[ተሻገር ሳህኑን ይዞ መጣ። ዓሣው ቡናማ ሆኖ ተጠብሷል፤ ድንቹ ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። ይመር አንድ ድንች አነሣ። ሁለተኛ አነሣ። ሦስተኛው ከዓሣው ሥር ነበር።]

ተሻገር፦ ዓሣውን ልጣለው?

ይመር፦ ምግብ ይጣላል? ነውር አይደለም? ስንት የተራበ እያለ!

ተሻገር፦ እንግዲያው እኔ ልብላው። እኔማ ጾሙ…

ይመር፦ ዝም በል! በእኔ ፊት ማንም ጾም አይሽርም!

ተሻገር፦ እሺ።

ይመር፦ [ድንቹን አሽትቶ] ለመሆኑ የተጠበሰው ለየብቻ ነው?

ተሻገር፦ አንድ ዘይት ውስጥ ነው። አየሁ።

ይመር፦ አየህ? ታዲያ ድንቹም ዓሣ ሆኗላ! ሁለት ድንች ከበላሁ ዓሣ በልቻለሁ ማለት ነው።

ተሻገር፦ በለው! ታዲያ ልውሰደው?

ይመር፦ ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል! አስተውል። ዓሣ የነካውን በልቶ ዓሣውን አልበላሁም ማለት ምን ይባላል? ግብዝነት ይባላል። ከግብዝነትና ከዓሣ የቱ ይከፋል?

ተሻገር፦ …ግብዝነት?

ይመር፦ ጎሽ! አሁን ገና ገባህ። [የኦክቶፐሱን ገንዳ ተከልሎ፣ የሸሚዙን ኮሌታ ቀና አድርጎ፣ ግብዝነትን ለመሸሽ ዓሣውን እኩል ገምሶ ግማሹን በላ። አጥንት ቢኖረው ኖሮ አብሮ በዋጠው ነበር። ኦክቶፐሱ ከመስታወቱ ጀርባ ባንድ ዓይኑ ትኩር ብሎ ያየዋል።] ምን ያፈጣል ይሄ!

ተሻገር፦ ጋሽ ይመር፣ ጢምህ ላይ ቅርፊት አለ።

ይመር፦ [በድንጋጤ እየጠረገ] ስማ። ይቺን ነገር ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።

ተሻገር፦ እሺ። ካልጠየቁኝ አልናገርም።

ይመር፦ ቢጠይቁህስ?

ተሻገር፦ ውሸት አይሆንልኝም። ምላሴ ይተሳሰራል። ለሽማግሌዎቹም «ደነዝ ነው» ያልካቸው ለዚሁ አይደል?

ይመር፦ የዋህ ነው ያልኩት!

ተሻገር፦ «የዋህ ደነዝ» ነው ያልከው። ነግረውኛል።

ይመር፦ ደግሞስ ገመና መሸፈን ውሸት ነው እንዴ? ወግ ነው! ያባት ነው!

ተሻገር፦ እሱማ የቤት ሰው የቤቱን ገመና ይሸፍናል። እኔ ግን ባዳ ነኝ። ባዳ ያየውን ያወራል። ይሄም ወግ ነው።

ይመር፦ ማን ነው ባዳ ያለህ?

ተሻገር፦ አንተ። ሁለቴ።

[ይመር አፉን ከፍቶ ዘጋ። እንደ ገንዳው ዓሣ።]

ይመር፦ አንተ… እያስፈራራኸኝ ነው?

ተሻገር፦ ኧረ በፍጹም! እንኳን አንተን ኦክቶፐሱንም አላስፈራራ። ግን ጋሽ ይመር፣ አጸደን እወዳታለሁ። ከሬክስዴል ቶርንክሊፍ ድረስ «በዚህ ሳልፍ ነው ብቅ ያልኩት» እያልኩ በየሳምንቱ የምመጣው፣ በናንተ በር የሚያልፍ መንገድ ኖሮኝ መሰለህ? በሩን ስትከፍት ላያት ነው። ሌላ ምንም የለኝም።

[ይመር ይህን ያውቅ ነበር። እህቱም በረንዳ ላይ ቆማ የማንን ቫን እንደምትጠብቅ ያውቅ ነበር። ልቡ ትንሽ ራራ። ግን ገና እያንገራገረ ሳለ የትርኢቱ ጭብጨባ አቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። ከሕዝቡ መሃል የፍቅርአዲስ ነጠላ ታየው።]

ይመር፦ መጡ! እሺ በቃ! እሺ!

ተሻገር፦ እሺ ምን?

ይመር፦ አጸደን ፈቅጃለሁ። የቤት ሰው ሆነሃል። አሁን አፍህን ዝጋ!

ተሻገር፦ ማልልኝ።

ይመር፦ በእመቤቴ!

ተሻገር፦ በዕለቱ ታቦት።

ይመር፦ በዕለቱ ታቦት! በዛሬው በመድኃኔዓለም! ሃያ ሰባቱን ቀን ቀድሶ በሰጠን በመድኃኔ… [የማለበት እጁ አየር ላይ ቀረ] …ቆይ። ሃያ ሰባት?

ተሻገር፦ ሃያ ሰባት።

ይመር፦ ነሐሴ ቅዳሜ ገብቶ ዛሬ እንዴት ሃያ ሰባት ይሆናል?

ተሻገር፦ ቅዳሜ የገባው ኦገስት ነው። ዛሬ ሐምሌ ሃያ ሰባት ነው።

ይመር፦ ኦገስት ማለት ነሐሴ ማለት አይደለም?

ተሻገር፦ ነው። ግን ነሐሴ ሐበሻ ነው፤ አርፍዶ ነው የሚመጣው። ዓርብ ይገባል፣ ፍልሰታም ከእሱ ጋር።

[ይመር የገንዳውን መስታወት ተደገፈ። ሽሮው አንድ በአንድ በዓይነ ኅሊናው አለፈ።]

ይመር፦ ታውቅ ነበር?

ተሻገር፦ ማን የማያውቅ አለ?

ይመር፦ ኮል ያደረግኩላቸው ሁሉስ?

ተሻገር፦ «እሺ ጋሽ ይመር» ብለው ስልኩን ዘግተው ቁርሳቸውን ጨረሱ።

ይመር፦ ፍቅርአዲስስ? ልጆቹስ?

ተሻገር፦ ልጆቹን ትናንት ፒዛ ያበላኋቸው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ደግሞ አንተ ሥራ እንደወጣህ አጸደ ክትፎ ሠራችልን። ያንተን ሽሮ በትንሿ ድስት ለብቻ አስቀምጠውልሃል።

ይመር፦ ታዲያ ሲጾም የሰነበተው ማን ነው?

ተሻገር፦ አንተ።

ይመር፦ ምነው አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም!

ተሻገር፦ እኔ ነግሬህ ነበር። ቅዳሜ ስትደውል «ነሐሴ ገባ እንዴ?» ብዬ ብጠይቅህ «አንተ ምን ታውቃለህ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ሌላውማ ይፈራሃል፣ ጋሽ ይመር። ማይክ አለህ።

[ይህቺ ከሦስት ቀን ሽሮ ይልቅ መረረችው። ግን ይመር ይመር ነውና ወዲያው ቀና አለ።]

ይመር፦ እንግዲያው ጾም አልሻርኩም! ንጹሕ ነኝ! የሚሸፈን ገመና ከሌለ መሐላውም የለም!

ተሻገር፦ ንጹሕ ነህ። እንዲያውም እሑድ ከምርጫው በፊት ለምእመናኑ እኔው እመሰክርልሃለሁ።

ይመር፦ ምን ብለህ?

ተሻገር፦ «ጋሽ ይመር ጾም መስሎት ተደብቆ ዓሣ በላ፤ ደግነቱ ቀኑን ተሳስቶ ነበር» እላለኋ።

[ይመር ይህን ዓረፍተ ነገር በሐሳቡ በማይክ ሰማው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችውን ተሻለችንም አያት፤ ነጭ ሹራቧን ለብሳ ስትስቅ።]

ይመር፦ …ተሻገር።

ተሻገር፦ አቤት።

ይመር፦ በመድኃኔዓለም የተማለ አይፈርስም።

ተሻገር፦ እኔም እንደሱ ነው የሰማሁት።

[ፍቅርአዲስ፣ አጸደና ልጆቹ ደረሱ። ይመር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እጁን ተሻገር ትከሻ ላይ ጣለ።]

ይመር፦ ስሙኝማ! ብዙ አሰብኩበት፣ አወጣሁ አወረድኩ። ከዛሬ ጀምሮ ተሻገር የቤታችን ሰው ነው! አጸድዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!

[አጸደ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፍቅርአዲስ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ልጆቹ «ኦ ማይ ጋድ፣ ማም!» እያሉ ከኤሊዎቹ ገንዳ ጀርባ ተደበቁ። አጸደ እያለቀሰች ተሻገርን ስታቅፈው፣ ይመርም ዓይኑ ረጠበ፤ የምሩን ነው። ከዚያ በሐምሌ ሃያ ሰባት፣ በጠራራ ፍስክ፣ ያለ ኃጢአትና ያለ ፍርሃት የሚበላው ግማሽ ዓሣ እንዳለው ትዝ አለው። ወደ ሳህኑ ዞረ። ሳህኑ ላይ ድንች ብቻ ነው ያለው።]

ይመር፦ [በሹክሹክታ] ዓሣዬስ?

ተሻገር፦ [አፉን እየጠረገ] የቤት ሰው አይደለሁ? ገመናህን ሸፈንኩልህ።