ውሃ የጠገበ በርበሬ

ሰው በርበሬን ሲጠራ እንደ አንድ ነገር አድርጎ ነው የሚጠራው። በርበሬ ጨምሪበት፣ በርበሬው አነሰው፣ በርበሬው ፈጀኝ፣ አለቀ። ጤፍ ላይ ነጭ ነው ሰርገኛ ነው እያለ ሲከራከር የሚውል፣ የበሬን ጠባይ ከቀንዱ አውቃለሁ የሚል ገበሬ እንኳ በርበሬ ላይ ሲደርስ ያቃጥላል አያቃጥልም ከማለት አያልፍም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የቄስ ትምህርቱን ዳዊት ሳልደርስ ጥዬ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ የማውቀው ነገር ብዙ አይደለም። ስለ በርበሬ የማውቀውን ግን ድንጋይ ስፈልጥ ነው የተማርኩት።

እንግዲህ ስሙኝ። ሚጥሚጣ፣ ያ ትንሹ፣ የጣት ጥፍር የሚያክለው፣ ቁጡ ነው። ምላስ ገና ሲነካው ይሳደባል፤ ቶሎም ይበርድለታል። ጥሬ ሥጋ ላይ ይሁንላችሁ፤ ወጥ ውስጥ ብትከቱት ያስጮኸዋል እንጂ አያጣፍጠውም። ረጅሙና ቆዳው ወፍራም የሆነው፣ ሲደርቅ ወደ ጥቁር የሚያደላው ዛላ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ ዝም ይላል። ጎርሳችሁ፣ ውጣችሁ፣ ለሁለተኛው እጃችሁን ስትሰዱ ነው ከጉሮሮ ሥር ቀስ ብሎ የሚነሳባችሁ። ለዶሮ ወጥ እሱ ነው፤ ቅቤው ላይ ቀለሙን ለቆ ሲንሳፈፍ ሳትቀምሱት ታውቁታላችሁ። ቀጭኑ፣ ቆዳው ስስ የሆነው፣ ለሽሮ ይሆናል። ቃሪያ ገና ልጅ ስለሆነ ጠባዩ አይታወቅም፤ ካንድ እግር ከቀጠፋችኋቸው ሁለት ቃሪያዎች አንዱ ሣር ሣር ይላል፣ ሌላው ከማዕድ ያስነሳችኋል። ድልህ የሚሆነው በርበሬ ደግሞ ቀልቶ ሳይደርቅ ይለቀማል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይወቀጣል፣ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል። ያኔ ማቃጠሉን ሳይተው ትሕትና ይማራል።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ አያ ሙጬ ናቸው። አያ ሙጬ የሟች አባቴ ጓደኛ፣ ቡሬ አጠገብ ያሉ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ስድሳን ሳይሻገሩ አልቀሩም። አንዲት ቁንጥር በርበሬ ምላሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ይሄ የቆላ ነው፣ ይሄ ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ነው፣ ይሄን ያመሰችው ሴት ልቧ ሌላ ጋ ነበር ይላሉ። የሚያምናቸውም ነበር፣ የሚስቅባቸውም ነበር። እኔ ከሚስቁት ነበርኩ።

ነገሩ በጣልያን ጊዜ ነው። ጣልያን መንገድ እሠራለሁ ብሎ ከየመንደሩ ሰው ሲለቅም እኔንም እሳቸውንም ለቀመን። ሰፈሩ በቡሬና በወጀት መሀል (ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሏትን ነው) አንዲት ድልድይ የሚሠራባት ወንዝ ዳር ነበር። ክረምት ሲገባ ትለቀቃላችሁ ተባልን። የጠፋ ሰው ግን ከተደረሰበት ይተኮስበታል፣ ካልተደረሰበት ቤቱ ይቃጠላል። የአያ ሙጬ ሚስት፣ እቴ ያልጋነሽ፣ ስንወጣ እጄን ይዘው፣ ሰውዬው ግትር ናቸው፣ በእግራቸው መልስልኝ ብለው አስምለውኛል። ማልኩ። መማል ቀላል ነው።

ድንጋዩን ቻልነው፣ ፀሐዩን ቻልነው። ያልቻልነው ምግቡን ነው። እኛ ከመድረሳችን በፊት በሌላ ሰፈር አንድ ሰው ጭብጥ ሚጥሚጣ ዘበኛ ዓይን ላይ በትኖ አመለጠ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በርበሬ የሚባል ዱቄት በር እንዳይገባ ትእዛዝ ወጣ። እሑድ እሑድ ሴቶች ስንቅ ይዘው ሲመጡ ዘበኛው ጣቱን ሽሮው ውስጥ እየከተተ ይልሳል፤ ካቃጠለው ይደፋዋል። የዘበኛነት ሥራ እንደዚያ ሲጣፍጥ አይቼ አላውቅም።

የሰፈሩ ወጥ ቤት የመጀመሪያ ቀን ማካሮኒ አመጣልን፤ ላዩ ላይ ቀይ ነገር ፈሶበታል። ቀይ ወጥ ተገኘ ብለን ተሻምተን ጎረስን። ነገሩ ቲማቲም ነው፤ ያኔ ማን ያውቀዋል። ይጎመዝዛል፣ ይጣፍጣል፣ እንደገና ይጎመዝዛል፣ ማቃጠል ግን ጨርሶ አልፈጠረበትም። ከጅጋ የመጣ አንዱ ሳህኑን አየት አድርጎ፣ «ምን አድርገናቸው ነው?» አለ። አያ ሙጬ ሦስት ጉርሻ ጎርሰው አስቀመጡት። በማግሥቱም ሦስት። መቀነታቸው በየሳምንቱ አንድ ዙር ይጨምር ጀመር። ሰው በርበሬ አጣሁ ብሎ ይከሳል ወይ ትሉ ይሆናል። እናንተ ሳታጡት ነው የምትጠይቁኝ።

ጥር ላይ አንድ ቀን ድንጋይ ተደግፈን ስናርፍ፣ ዓይናቸውን ማዶ ካለው ተራራ ላይ ሳይነቅሉ፣ «ይርሳው፣ እኔ ልሄድ ነው» አሉኝ።

የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኋቸውም። ቤታቸው እንደሚቃጠል ነገርኳቸው። አውቃለሁ አሉ። እቴ ያልጋነሽ ሜዳ ላይ ይቀራሉ አልኳቸው። እሱንም አውቀውታል። ሌላ የምለው ሲጠፋኝ፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ በርበሬ አመጣልዎታለሁ፣ እስከዚያ ይቆዩ አልኩ። ዘወር ብለው አዩኝ። «ከየት?» አሉ።

እሑድ እቴ ያልጋነሽ ሲመጡ በአጥሩ በኩል ነገሩን ሹክ አልኳቸው። አላለቀሱም። ለሳምንቱ ሲመጡ በርጥብ ሣር የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘዋል። የበርበሬ ችግኝ ነው፤ እጓሯቸው ከምንጩ ሥር ካለው መደብ የነቀሉት፣ ከነሥሩ። ዘበኛው ገልጦ አየና ምንድን ነው አላቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው፣ «አበባ ነው የኔ ጌታ፤ ላለቃችሁ ድንኳን ደጃፍ ብዬ ነው» አሉት።

ዘበኛው ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ በርበሬን በዱቄቱ እንጂ በቅጠሉ አያውቀውም። አትሳቁበት። ዕድሜ ልኩን በርበሬ በልቶ ተክሉን ቢያይ ጎመን ነው የሚል ስንት የከተማ ሰው አለ። ይልቅ ዘበኛው ደስ ስላለው ችግኙን ይዞ በቀጥታ ወደ ካቦው ድንኳን ሄደ። ካቦ የምንለው የሥራ አለቃችንን ጣልያኑን ነው፤ ክፉ ባይባልም እጁ ለጥፊ ቀላል ነበር። ወጥቶ አየ፣ ሳቀ፣ ቅርብ የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ በጣቱ ጠራኝ። እንዲህ ሆኖ ካልጠፋ መሬት በርበሬያችንን የጣልያን ድንኳን ደጃፍ ላይ ተከልነው፤ አንድ መስመር ከፊት፣ አንድ መስመር ከኋላ። እቴ ያልጋነሽ ከበሩ ሲወጡ፣ «አፌን ቆርጬ ብጥለው ምን ነበረበት» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንጋይ ፈለጣ ቀርቶልኝ ውሃ አጠጪ ሆንኩ። ጧት ባልዲ፣ ማታ ባልዲ። ጓደኞቼ የካቦው ሙሽራ ይሉኝ ጀመር። አያ ሙጬ ድንጋይ ተሸክመው ባጠገቤ ሲያልፉ ቀና ሳይሉ፣ ውሃ አታብዛ ይሉኛል። ካቦው ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ፣ በዚያ ባልተቃና አማርኛው፣ ጨምር ይለኛል። ማንን እንደሰማሁ አትጠይቁኝ፤ ጥፊ ያለው ካቦው ጋ ነው።

አበባው ወጣ። ነጭ፣ ትንሽ፣ አንገቱን የደፋ። ካቦው ይህች ናት እንዴ አበባዋ ብሎ ትንሽ ከፋው። ፍሬው ሲንጠለጠል እኔ ጉዳችን ፈላ ብዬ መሬት ውጣ ብትሰውረኝ ደስ ባለኝ። ካቦው ጎንበስ ብሎ አየ፣ አንዱን ቀጠፈ፣ አሸተተ፣ ከዚያ እንደ ልጅ ጨፈረ። ለካ በነሱ አገር የማያቃጥል በርበሬ አለ፣ በዘይት ጠብሰው በዳቦ ይበሉታል። ትእዛዙ የሚያውቀው ዱቄቱን ነው፤ አረንጓዴና ለስላሳ ሆኖ ድንኳን ደጃፍ የተንጠለጠለውን አያውቀውም። እንደውም ውሃው ከሁለት ባልዲ ወደ አራት ከፍ ይበል ተባለ።

የመጀመሪያውን ፍሬ በብብቴ ደብቄ ለምሳ ዕረፍት አመጣሁላቸው። ምን የመሰለ ፍሬ! አብረቅራቂ፣ ክንድ የሚያህል ልላችሁ ነበር፣ ግን አልዋሽም፣ ስንዝር ነው። አያ ሙጬ እጃቸውን ታጠቡ፣ አማተቡ፣ ገመጡ። ያኘኩትን ይዘው ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ። ሰዉ ሁሉ ማኘኩን ትቶ ጠበቀ።

«ዱባ ነው» አሉ።

የተረፈውን ድንጋይ ላይ በቀስታ አስቀመጡት። ከሰዓት በኋላ ጥቅልላቸውን ሲቋጥሩ አየኋቸው፤ ለካ ከቁርስ እየቀነሱ ያጠራቀሙት ደረቅ ዳቦ ነበራቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በእጄ እንዳልይዛቸው ክንዴ ዝሏል፣ እንዳልለምናቸው ቃል አልቋል። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የጀመሩት።

«በርበሬ የሚቆጣው ሲጠማ ነው» አሉ። «ይሄን እንደ አራስ እያጠጣኸው በማን ላይ ይቆጣ?»

እንዲጠማ አደርገዋለሁ፣ ቀን ይስጡኝ አልኩ። እስከ ሆሳዕና ሰጡኝ፤ ከዚያ በኋላ ይርሳው የሚባል ሰው አላውቅም አሉ።

እዚህ ላይ ነው የለፋሁት። የፊቱን መስመር ለካቦው ተውኩለት፤ ይጠጣ፣ ይጥገብ። የኋላውን መስመር ግን ላላጠጣ ቆረጥኩ። ሙሉ ባልዲ ተሸክሜ እሄዳለሁ፣ እጎነበሳለሁ፣ ውሃውን የድንኳኑ ቦይ ውስጥ ቀስ ብዬ አፈሳለሁ፣ ቀና ብዬ ወገቤን እይዛለሁ። ካቦው አጠጣ ብሎ ይመዘግበኛል። ድንጋይ ፈልጫለሁ፣ ግንድ ተሸክሜያለሁ፤ የተጠማ ተክል ፊት ውሃ ይዞ ቆሞ እንደ መመለስ የሚያደክም ሥራ ግን አልሠራሁም። በስድስት ሰዓት ፀሐይ ቅጠሉ ጆሮውን ጥሎ ያያችኋል። ሊሞት ሲል አንዲት ቅል አቀምሰዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና እጨክናለሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ፤ እጄ በራሱ ባልዲውን ሊያዘነብል ይሞክራል። ፍሬው ማደጉን ተወ። ቆዳው ጠነከረ፣ ጫፉ ተጨማደደ፣ አረንጓዴው ጠቆረ።

ሆሳዕና ደረሰ። የዘንባባ ቀለበት ጣታችን ላይ አስረን ምሳ ተቀመጥን፤ እኔም አንዱን ጠማማ ፍሬ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ገመጡ። ምንም የለም። የሚሄዱበትን ቀን መቁጠር ጀምሬ ነበር። ከዚያ መንጋጋቸው ቆመ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ዓይናቸው ሞላ፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና ያንን ጎምዛዛ ማካሮኒ ጠርገው በሉት። በማግሥቱ ደረቁን ዳቦ ለሰዉ ሲያድሉ አየሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከፋሲካ በኋላ ካቦው የፊቱን መስመር በልቶ ጨረሰና ወደ ኋላ ዞረ። እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ፣ አያ ሙጬ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ ነው። ካቦው አንዱን ቀጠፈ፣ ከመሀሉ ገመጠ። ለትንሽ ጊዜ ፊቱ የደስተኛ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ቀላ፣ ስቅ ይለው ጀመር፣ ከባልዲዬ ላይ በእጁ ዘግኖ ጠጣ፤ ውሃ ደግሞ ያባብሰዋል እንጂ ምን ያደርግለታል። ዘበኛው መሣሪያውን አወረደ። አለቀልን፣ ይነቀላል፣ ማን አመጣው ይባላል፣ እቴ ያልጋነሽ ይጠራሉ ብዬ ባልዲዬን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ።

ካቦው ዓይኑን ጠርጎ መሬቱን አየ። አፈሩን በጫማው ጫረው፤ ደረቅ ነው። አፈሩን አየ፣ እኔን አየ። ጥፊው ሲያርፍብኝ ስድቡ አብሮ መጣ። ሰነፍ ነው ያለኝ። ውሃ ነፍገኸው ተበላሸ ነው የሚለኝ። የተከለከለው በርበሬ መሆኑ ትዝም አላለው።

አያ ሙጬ ድንጋያቸውን አወረዱና ወደ ፊት መጡ። «ልጁ ስለ አትክልት አያውቅም፤ እኔ ላጠጣ» አሉ። ካቦው ሽበታቸውን አየ። ባልዲውን ከእጄ ነጥቆ ሰጣቸው።

እኔ ወደ ድንጋዬ ተመለስኩ። እሳቸው እስከ ግንቦት መጨረሻ የፊቱን እያጠገቡ፣ የኋላውን እያስጠሙ ኖሩ፤ የኋላው ጨርሶ ተበላሽቷል ተብሎ ለካቦው ስለተነገረው አልነካውም። ስለ ተራራው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ሳስበው በርበሬው ብቻ አይመስለኝም ያስቀራቸው። ሰው የሚንከባከበው መደብ ካለው፣ የማንም ድንኳን ደጃፍ ይሁን፣ ጥቅልሉን ለመቋጠር እጁ ይሰንፋል። ዝናቡ ሲጥል ተለቀቅን። በእግራቸው መለስኳቸው።

ጣልያን ካገር ከወጣ በኋላ አንድ ቅዳሜ እቴ ያልጋነሽ ቡሬ ገበያ አገኙኝና ክንዴን ያዙ። የምስጋና ነው ብዬ ፈገግ አልኩ፤ ለካ የአቤቱታ ነው። ጓሮ በኛ አገር የሴት ነው፤ ወንድ ከማሳው ነው። ከሰፈሩ ከተመለሱ ጀምሮ ግን አያ ሙጬ ከበርበሬው መደብ አይነሱም፣ ባልዲውን ደብቀዋል፣ ሚስታቸው ውሃ ይዘው ብቅ ሲሉ ያባርሯቸዋል።

«ይርሳው፣ ጣልያን እንኳ ካገር ወጣ» አሉኝ። «አያህ ከጓሮዬ አልወጣ አሉኝ። አንተ ነህ ያመጣህብኝ፣ አንተው አስወጣልኝ።»

በዚያ ዕድሜዬ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ። አያ ሙጬ መደቡ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጓሮውን ለባለቤቱ ይልቀቁ እንጂ አልኳቸው፤ ያዘጋጀሁት ሌላም ብዙ ንግግር ነበር። እሳቸው ከአጠገባቸው አንዲት ጠማማ ፍሬ ቀጥፈው ሰጡኝ። የሰጡህን አለመብላት ነውር ነው፤ በላሁ።

«እሷ ብታጠጣው እንዲህ ያስለቅስህ ነበር?» አሉኝ።

ከጓሮው ስወጣ እቴ ያልጋነሽ በር ላይ ቆመው ምን አሉህ ብለው ጠየቁኝ። አፌ እየነደደ ነበር። በእጄ ምልክት ሰጥቼ ውሃ ለመንኩ።