የሁለት አዳዲስ ጉልበቶች ውድድር

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ያለው ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ አልኖረም። ፈጣሪ ምክሩን ሰምቶ ሁለት ጉልበት ሰጥቶናል። አንዱ ሲያኮርፍ ግን ሌላውም ለወንድሙ አድልቶ እንደሚያኮርፍ የሚያውቀው፣ እንደ እኔ አዳማ ላይ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ብቻ ነው። ዕጣው የወጣልን ቀን እልል ብለናል። ጉልበቴን ያማከረው የለም።

ቀኝ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን በገመድ በታሰረ ዘንቢል ወደ ላይ እየሳብኩ መኖር ያዝኩ። ሐኪሙ «መገጣጠሚያው አልቋል፤ ይቀየር» አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ አሳጥራ «ወይ ጉልበትህን ቀይር፣ ወይ ቤት እንቀይር» አለችኝ። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መንገዱን ሳላጠና አልነሳም። ለመቀየሪያው ሁለት ዘዴ እንዳለ ስሰማ ጥናት ጀመርኩ። ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ ጥናት የፍርሃት የክት ልብስ ነው።

ማስረጃ የሚሆኑኝ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ጉልበታቸውን ካስቀየሩ ከራርመዋል። ሻሸመኔ በኤንትሬ የጭነት መኪና ሲመላለሱ ያረጁት ሹፌሩ ጋሽ ቶሎሳ፣ ጡንቻው ከፊት ሰፋ ተደርጎ ተከፍቶ ነው የተሠራላቸው። «ሞተር የሚወርደው ኮፈኑ ወለል ብሎ ሲከፈት ነው» ይላሉ። የልብስ ሰፊው የሐጂ ከድር ሐኪም ግን ጡንቻውን ሳይቆርጥ ከሥሩ ሾልኮ ገብቷል። «አንድ ቁልፍ ለመትከል ኮት አይተረተርም» ባይ ናቸው።

ሐኪሜን ብጠይቀው «ወራት ካለፉ በኋላ እምብዛም ልዩነት የላቸውም» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ጥናት ያበላሻል፤ ተውኩት። ውድድር አዘጋጀሁ፤ ከባጃጅ መቆሚያው እስከ ዘሪቱ ጭማቂ ቤት፣ በእርምጃ።

«ሐጂ፣ ከሥር የሾለከው ጉልበትህ መንገድ ላይ እንዳይሾልክብህ!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

«አንተ ስትደርስ እኔ ጠጥቼ ብርጭቆዬን አጥቤያለሁ» አሉ ሐጂ።

ደንቡን ያወጣሁት በብዙ ጥንቃቄ ነው። አስጀማሪው እኔ፣ መድረሻው ላይ ቆሞ የሚፈርደውም እኔ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይሰጥም። እጄን አወረድኩ፤ ተወዳዳሪዎቹ ሄዱ። ዳኛውም ተከተለ።

መጀመሪያ ጀርባቸው ታየኝ፤ ቀጥሎ የሐጂ ቆብ ብቻ፤ ከዚያ የአዳማ ነፋስ አቧራውን አስነስቶ እሱንም ወሰደብኝ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ዝግ ብሎ «ፋዘር፣ ላድርስዎት?» አለኝ።

«ዳኛ ነኝ!» ብዬ ተቆጣሁት።

ስደርስ ሁለቱም ተደላድለው ተቀምጠዋል። ለእኔ የታዘዘው አቮካዶ ፊቱ ጠቁሯል። ዘሪቱን ማን እንደቀደመ ጠየቅኋት።

«እኔ ማንጎ ስልጥ ነበር መምህር። ቀና ስል በጥሩው ወንበር ሲጣሉ አገኘኋቸው።»

«እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

«ወላሂ እኔ ነኝ!» አሉ ሐጂ። ከዚያ ተያዩ፤ ተያይተው ላቤን ወደምጠርገው ወደ እኔ ዞሩ፤ ሳቁ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው።

«ኮቱ፣ ና ተቀመጥ» አሉኝ ጋሽ ቶሎሳ በኦሮምኛ ጀምረው፣ ጥሩውን ወንበር እየለቀቁልኝ።

ሐጂ ዕንባቸውን ጠረጉ። «መምህር፣ ማን እንዳሸነፈ ባይታወቅም፣ ማን እንደተሸነፈ ከተማው ሁሉ አይቷል።»

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። «በየትኛው ዘዴ ይሻልዎታል?» ቢለኝ «ወረፋው ባጠረው» አልኩት።

ይኸው ዛሬ ዘንቢሉ ጡረታ ወጥቷል። ባለቤቴ አሁን ደግሞ «ቤት አይቀመጥም» ብላ ትከሰኛለች። ሐኪሙ በየት በኩል እንደገባ ለሁለቱ ሽማግሌዎች አልነገርኳቸውም፤ አንዱን ሳስደስት ሌላውን ላስከፋ ነው? ለሦስት ልንወዳደር ተቀጣጥረናል፤ የጎደለን ዳኛ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አመልካቾች ይበረታታሉ።