ንሱካ በዘጠኝ ገጽ

ናይጄሪያ ውስጥ ንሱካ የሚባል አካባቢ አለ። ምን እንደሚያበቅል ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ያምና ካሳቫ የሚባሉት ሥራ ሥሮች፣ ካሹ፣ የዘንባባ ዘይት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢጫ ቃሪያ። አፈሩ ቀይ ነው፤ ዙሪያው ኮረብታ ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚጀምር ብትጠይቁኝ ሳላስብ እመልሳለሁ። እግሬ ግን ረግጦት አያውቅም።

እንዲያውም እኔ ደቡብ አፍሪካ ከመጣሁ ወዲህ ከለመድኩት መንገድ ወጥቼ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሳላስበው። እዚህ ሚኒባስ ውስጥ መውረድ የፈለገ ሰው «አፍተር ሮቦት!» ብሎ መጮህ አለበት። ከትራፊክ መብራቱ በኋላ አውርደኝ ማለት ነው። እኔ መጮህ አልችልም። ሌላ ሰው እስኪጮህ እጠብቅና አብሬው እወርዳለሁ። አንድ ቀን ማንም ሳይጮህ ቀረ። ሾፌሩ መጨረሻ ላይ ዞር ብሎ ሲያየኝ እኔና እሱ ብቻ ቀርተን ነበር።

ታዲያ ይህችን ዓይነት ልጅ ስለ ንሱካ ዘጠኝ ገጽ ያስጻፋት ማን ነው? አጎቴ ጋሼ ሃንዲሶ ነው።

ጋሼ ሃንዲሶ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ጻካኔ በሚባል ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ሱቅ አለው። ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ» ይሉታል፤ እሱ በዙሉ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም ይላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ በጣት መጠቆም ነው። ሚስቱ ያለችው አገር ቤት፣ ሆሳዕና ነው። ሱቁ ውስጥ የምትሸጠው ልጁ ምሕረት ናት። እኔ የምኖረው መሀል ከተማ፣ ቤሪያ ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ላግዛቸው እሄዳለሁ። ማገዝ ካላችሁት ነው እንግዲህ፤ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ባለፈው ዓመት የሱቁ ፍሪዘር ተበላሸ። ኡቼ የሚባል ናይጄሪያዊ መጥቶ ሠራው። በሳምንቱ ማንም ሳይጠራው ተመልሶ መጣና ክዳኑን ከፍቶ አየው። በሌላውም ሳምንት መጣ። ጋሼ፣ ለሥራው እንዲህ የሚጨነቅ ባለሙያ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም እያለ ለቸርች ሰው ሁሉ አወራ። ምሕረት አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። እኔም መጽሐፌን ከፍ አድርጌ እስቃለሁ። የገባን መስሎን ነበር።

ወራት አለፉና ኡቼ ፍሪዘሩን ትቶ ስለ ምሕረት ሽማግሌ ልላክ አለ።

ጋሼ እምቢ አላለም። እሺም አላለም። ሰውየው ካቶሊክ መሆኑን ሲነግሩት፣ እሱን ለጌታ ትቼዋለሁ አለ። የቸገረው ሌላ ነው። «ፍሪዘሬን አምኜ ሰጥቼዋለሁ። ልጄ ግን ፍሪዘር አይደለችም። አገሩን አላውቀውም።»

እውነቱን ነው። እኛ አገር ልጅ ስትጠየቅ ቤተሰቧ በስውር አንድ ሰው ወደ ጠያቂው አካባቢ ይልካል። ተላኪው ገበያ ይገባል፣ ዞር ዞር ይላል፣ ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ይሰማል፣ በጓሮው በኩል ሲያልፍ እንሰቱን በዓይኑ ይለካል። ንሱካ ገበያ ታዲያ ማን ይላክ? ጋሼ ሱቁን በዓይኑ ዞረው። ዓይኑ ከጆንያው ጀርባ አረፈ።

«አንቺ ጂኦግራፊ አይደል የተማርሽው?»

ነው አልኩ።

«በይ ጻፊልኝ። ሕዝቡን፣ ኑሮውን፣ ሀብቱን። ሽማግሌዎቹ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ይመጣሉ። ጽሑፍሽ ካላጠገበኝ ሻያቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ።»

ምሕረት የዚያን ቀን እጄን ይዛ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። የሰው ትዳር ጂኦግራፊ ላይ ሲወድቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ጨረስኩት። ከዚያ ኡቼን መጠየቅ ግድ ሆነ። ፊት ለፊት መጠየቅ ስለማልችል ቅጽ አዘጋጀሁለት፤ ባዶ መስመር ያለው፣ ልክ እንደ ቀበሌ። ኡቼ ቅጹን አየና ስቆ ወደ ጎን አስቀመጠው። ከዚያ ማውራት ጀመረ። ስለ ቢጫው ቃሪያ ነገረኝ፤ ሽታው ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል፣ ሌላ አፈር ላይ ከተከሉት ግን ያኮርፋል። ስለ ኦክፓ ነገረኝ፤ ከባቄላ መሰል ጥራጥሬ የሚሠራ፣ ጠዋት መናኸሪያ ላይ በትኩሱ የሚሸጥ ምግብ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ የከተማው ግማሽ ተማሪ ነው፣ ግማሹ ተማሪ የሚቀልብ ነው አለ። ጻፍኩ፣ ጻፍኩ። ካሳቫው ምን እንደሚሆን ስጠይቀው ግን ምሕረት ከመሸጫው መስኮት ዞር አለች።

«ፉፉ ይሠሩበታል በይና እለፊ» አለችኝ በአማርኛ። «ስለ ሽታው እንዳትጽፊ። አባዬ ከሰማ አለቀልኝ።»

ለካ አንድ ቀን የኡቼ ዘመድ ቤት ይህን ገንፎ መሰል ምግብ በልታ ኖሯል። ስለዚህ ፉፉን ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ በደቃቅ ፊደል ቀበርኩት።

በነገራችን ላይ ምሕረትም የራሷን ደብቃለች። ጋሼ ከሆሳዕና ሰው በመጣ ቁጥር የሚያስመጣው ቆጮ አለ፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪዘሩ ሥር ይተኛል። ኡቼ በመጣ ቁጥር ግን ምሕረት የምታቀርብለት ሩዝ ነው። ሰው እንዴት የእጮኛውን አፍንጫ ያስደነግጣል?

እሑድ ደረሰ። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው የኡቼ አጎት ፓፓ ኦቢ ናቸው፤ እኔ ሰፈር ቤሪያ ልብስ ይሰፋሉ። ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ አንድ ትልቅ የበረዶ ሣጥን ተሸክመዋል። ኡቼ ሣጥኑን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

ጋሼ መነጽሩን አድርጎ ጽሑፌን ከፍ ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። ምሕረት ለእንግዶቹ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። የሕዝብ ብዛቱ ላይ፣ ይሄ ከሆሳዕና ይበልጣል ያንሳል ብሎ ጠየቀ። ቃሪያው ላይ ራሱን ነቀነቀ። ገበያው ላይ ሽማግሌዎቹ የማን መንደር እንደሚበልጥ እርስ በርስ ተጣሉ። የዝናቡ መጠን ላይ ጋሼ አዛጋ። አራተኛው ገጽ ላይ መነጽሩን አወለቀ።

«ጎበዝ ልጅ ናት፣ ደክማለች» አለ። «ግን ይሄ የመንግሥት ወረቀት ነው። ሰዎቹ አልታዩኝም።»

ምሕረት ይህን አልተረጎመችውም። እኔ ጆንያው ጀርባ መግባት አማረኝ።

ፓፓ ኦቢ ሰው ዝም ሲል ምሳ የደረሰ ይመስላቸዋል መሰለኝ። ሣጥኑን ከፈቱት። ኡቼ «ፓፓ፣ ፉፉውን አይደለም! ያሙን ብቻ ብያችሁ ነበር!» አለ። ዘገየ። ሽታው ወጣ፣ ሱቁን ዞረ፣ ጋሼ ላይ ደረሰ። ምሕረት ዓይኗን ጨፈነች።

ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ። ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለ። በአፍንጫው ሳበ፤ ደግሞ ሳበ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ካሳቫ ነው፤ ይዘፈዘፋል፣ ሲለሰልስ ይጨመቃል፣ ይወቀጣል አሉት።

«ስንት ቀን?»

አራት ቀን።

«አራት ቀን ብቻ!» ጋሼ ደረቱን ነፋ። «እኛ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ነው የምናስተኛው። ጀማሪዎች ናችሁ። መንገዳችሁ ግን ትክክል ነው።»

ሄዶ ፍሪዘሩን ከፈተ። ከሥር ቆጮውን አወጣ፣ ላስቲኩን ፈታ፣ ፓፓ ኦቢ አፍንጫ ሥር ያዘው። ሽማግሌው አሸተቱና በራሳቸው ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገሩ። የሚተረጎም አልነበረም፤ የበራው ፊታቸው በቃ።

ያኔ ኡቼ ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄ ነው! ይሄ ነው! ያን ጊዜ ፍሪዘሩን ስከፍት የእናቴ ወጥ ቤት ሸተተኝ። ያበድኩ መሰለኝ። ላረጋግጥ ነው በየሳምንቱ ስመላለስ የነበረው።»

ምሕረት ዓይኗን ገለጠች።

«በየሳምንቱ?»

«አዎ።»

«ለፍሪዘሩ?»

ኡቼ የተናገረው የገባው ዘግይቶ ነው። «መጀመሪያ መጀመሪያ...» ማለት ጀመረና ተወው። ጋሼ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «እኔ ብዬ ነበር፤ ለሥራው የሚጨነቅ ልጅ ነው» አለ።

ምሕረት ያን ቀን አኮረፈች። በማግስቱ ታረቁ። አሁን ሠርጉ እየተደገሰ ነው፤ ሩዝ የለበትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የኡቼ እናት ከንሱካ ደወሉ። ልጄን የምትወስዱበትን አገር አላውቀውም፤ ተጽፎ ይላክልኝ አሉ። ፓፓ ኦቢ በቅርቡ ወደዚያ ስለሚሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «በይ እንግዲህ። ሕዝቡን፣ ኑሮውን፣ ሀብቱን። አሁን ደግሞ የእኛን።»

አሰብኩበት። ከቆጮው አንድ ቁራጭ ቆረጥኩ፣ በሦስት ላስቲክ ጠቀለልኩት፣ እንዳይፈታ በፕላስተር አሰርኩት። ከላዩ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ በእንግሊዝኛ «ሕዝብ፣ ኑሮ፣ ሀብት» ብዬ ጻፍኩና ለፓፓ ኦቢ ሰጠሁ። ኤርፖርት ላይ ካስከፈቷቸው፣ ደራሲዋ እኔ መሆኔን እንዳይናገሩ ለምኛቸዋለሁ።