ወይን ፍለጋ ጉንደ ወይን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ያውጣ። ግን ሀብታሙ የሚባል ድኻ፣ ደስታ የምትባል አልቃሽ በየሰፈራችሁ የለም? አንዳንዱን ስም ሲያወጣ መልአኩ ቀምሶ ነበር ባይ ነኝ። እኔ ግን ስም አምኜ አገር ያቆራረጥኩ ሰው ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ቢቸና ጤና ጣቢያ ከጎንደር የተመደቡ ጋሽ አድማሱ የሚባሉ ድሬሰር ነበሩን፤ ቤተ እስራኤል ናቸው። እጃቸው ከመቅለሉ የተነሣ፣ መርፌ ወግተውን ቤታችን ከገባን በኋላ ነበር "ኧረ ወጉኝ እንዴ?" የምንለው። አንድ ቀን ኢየሩሳሌም ካለው ወንድማቸው ደብዳቤ መጣላቸው፣ ሰባት አገር ዞሮ። "እዚህ የእኛ ወንድ ልጅ አሥራ ሦስት ሲሞላው ኦሪት ያነባል፣ በወይን ይባረካል፣ ሰው ይባላል" ይላል። ልጃቸው ይስሐቅ አሥራ ሦስት ሊሞላው ሳምንት ቀርቶታል። በከተማው የኦሪት ልጅ እሱ ብቻ ነው።

"ወገን የለኝም ብሎ እንዳያድግብኝ" አሉኝ። "አንተ ቀልደኛ፣ ወይን የት ይገኛል?"

"ጉንደ ወይን ነዋ! ስሙ እየጮኸ?"

"እንግዲያው ሂድና ደህናውን ምረጥልኝ።"

ምረጥልኝ! ድመትን ሥጋ ምረጪልኝ ይሏታል?

ጉንደ ወይን ከተማ ገበያው ላይ ጤፍ አለ፣ በርበሬ አለ፣ አህያው ከሰው ይበዛል፤ ወይን የለም። አንዲት ጌሾ ሻጭ ሳቀችብኝ። "የእኔም ልጅ ስሙ አንበሳው ነው፤ ድመት ይፈራል። ይልቅ ሞጣ ቡና ቤት ጠይቅ።"

ሞጣ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ተገኘ፤ አንዱ ጣፋጭ፣ አንዱ ደረቅ ነው አሉኝ። የሚፈስ ነገር ደረቅ ሲባል ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለቱንም ይዤ በጭነት መኪና ላይ ከፍየሎች መካከል ተሳፈርኩ። መምረጥ አደራ ነው፤ ሳይቀምሱ አይመረጥም፤ አንዴ ቀምሶም አይታመንም። ቢቸና ስደርስ ሁለቱም ጠርሙሶች ተጋምሰዋል።

ጋሽ አድማሱ ግን አልተቆጡም። የደብዳቤውን ጀርባ ያነበቡት እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ የሌላ ሃይማኖት ሰው እጅ የነካው ወይን አይሆንም ይላል። እሰይ፣ ሙሉ ቢሆንም አይሆንም ነበር! ብዬ ልስቅ አፌን ስከፍት፣ "ይቅር አባዬ" አለ ይስሐቅ፣ "ሰው መባሉ ይቅርብኝ።"

የተጋመሱትን ጠርሙሶች ጥዬ ወጣሁ። እኔ!

ሮጬ የቅኔ መምህሩ መምሬ ጥበቡ ዘንድ ሄድኩና ኃጢአቴን ዘረገፍኩ። ሳቁብኝ። "አንተ ደንቆሮ፣ ጉንደ ወይንን በሞጣ መንገድ ፈለግኸው? ጉንድ ማለት እኮ በግዕዝ ግንድ ነው። የወይኑ ግንድ ኦሪትን የያዙት እነ ድሬሰር ናቸው፤ እኛ ቅርንጫፍ ነን።" ይህን ብለው ለቅዳሴ ካስቀመጡት ዘቢብ ሁለት እፍኝ ቋጠሩልኝ። "ዘቢብ ገና ወይን አይደለም፤ ማንም ቢይዘው ግድ የለም። ልጁ በገዛ እጁ ይዘፍዝፈው፣ በገዛ እጁ ይጭመቀው። እኛስ ለቅዳሴ እንዲሁ አይደል?"

ይስሐቅ ዘፈዘፈ፣ ጨመቀ። ቅዳሜ ጠዋት ኦሪቱን በግዕዝ አነበበ፤ ሲሳሳት ደጅ የቆሙት መምሬ ጉሮሯቸውን ይጠራርጉ ነበር። እሱም ይመለስና ያቃናል። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ጥግ ቆሜያለሁ፤ ለምላሴ ግን ማሰሪያ አላገኘሁም፣ እልል አልኩ። አባትየው ጽዋውን አንሥተው ባረኩት፣ አለቀሱም። ልጁ ጠጣ፣ ሰው ሆነ።

ኋላ ወደ ወንድማቸው አገር ሄዱ። ቤታቸው ሌላ ድሬሰር ገባበት፤ መርፌው ያማል።

ዛሬም በጉንደ ወይን ሳልፍ ያቺ ጌሾ ሻጭ፣ አርጅታ፣ "አንተ፣ ወይኑን አገኘኸው?" ትለኛለች።

"አግኝቼው ነበር" እላታለሁ፤ "መንካት ተከልክዬ ነው እንጂ።"